ወንድሜ ተቧጭሮ ሲመጣ ለምን ሳቅን?

ታላቅየው (ክሩን፣ ማለትም ይህን የመድረክ ውይይት፣ የጀመረ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለዓመታት አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ከራሴ ጋር ተጣልቻለሁና ልተንፍሰው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ታናሽ ወንድሜ እኛ ቤት መጣ። ቀኑ ያቃጥላል፤ እሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ልጄን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ኮሌታው ሸሸና ከጆሮው ሥር እስከ ማጅራቱ የወረዱ ሦስት ጭረቶች አየን። ክንዱ ላይ ደግሞ የጥርስ ቅርጽ አለ፤ ዙሪያው ወደ ቢጫነት የሄደ፣ የቆየ። ስድስት ሰው ነበርን። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «ማን ናት ይቺ ነብር?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ከሁላችንም ቀድሞ አለቀና እጅጌውን ወደ ታች ጎተተ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህታችን ያንኑ ጭረትና ያንኑ ንክሻ ይዛ ብትመጣስ ኖሮ? በሌሊት መኪና አስነስቼ ባሏ በር ላይ እገኝ ነበር። «እሷን ማንም ምን አድርገሽው ነው አይላትም» ብዬም እዚህ ልጽፍ ነበር። ከዚያ አክስታችን ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ዓይኗ አብጦ ስትመጣ ትልልቆቹ የጠየቋት እሱኑ ነው፦ «ምን ብለሽው ነው?»

እንግዲህ እሷን ወቀስን፣ እሱን ሳቅንበት። ሁለቱም ዳግመኛ አልተናገሩም። «ተጠቂ» ሲባል ዓይናችሁ ላይ ማን ነው የሚመጣው? «አጥቂ» ሲባልስ?

---

ቀልደኛው

ሚስቱ ካሸነፈችው ጂም ይመዝገብ ሃሃሃ

---

የሌሊት ተረኛ

@ቀልደኛው፣ ለዚህ ነው ወንዶች እኛ ጋ ሲመጡ «ሥራ ላይ ነው» የሚሉት።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ፤ በሥራው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» የሚለውን ስንቴ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ፣ ጉልበቱ ይላጣል። ሰንበሩ በክንዱ ውጫዊ ጎን፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው አጥንት ላይ ከተሰለፈ ግን ብዙ ጊዜ ያ ሰው ፊቱን ሊከልል ክንዱን አንሥቶ ነበር ማለት ነው። ደረጃ ደግሞ ክንድ አያስነሣም።

ሴት ስትመጣ አብሯት የመጣውን ሰው በሆነ ሰበብ አስወጥቼ፣ መጋረጃ ስቤ እጠይቃለሁ። «ይመታሻል?» አልልም፤ ለዚያ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ በፍጹም» ነው። «ቤት ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?» እላለሁ። ወንዶችን ግን እንዲህ ብዬ አልጠይቅም ነበር። ለብዙ ዓመታት አንድም ወንድ አልጠየቅኩም። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

አንድ ቀን እጁ የተቃጠለ ሰውዬ መጣ። ሚስቱ አብራው አለች፤ የለሰለሰች፣ ጨዋ። «ስንት ሰዓት ላይ ሆነ?» ስለው እሷ ትመልሳለች። «አለርጂ አለህ?» ስለው መጀመሪያ የእሷን ፊት ያያል። እኔ የገባኝ «እንዴት የምታስብለት ሚስት ናት» የሚል ነው። ባልና ሚስቱ ቦታ ቢቀያየሩና እሱ ለእሷ እየመለሰ፣ እሷ ከመናገሯ በፊት ፊቱን እያየች ቢሆን፣ ያኔውኑ ደወል ይደውልብኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ቁስል ሲመጣ ነው የባነንኩት። መጋረጃውን ሳብኩና ጠየቅኩት። «እስከዛሬ ይህን የጠየቀኝ የለም» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ወንድምህን «ትመታሃለች ወይ» አትበለው። የሚፈራውን ጠይቀው።

---

ታዛቢ

በመጨረሻ እውነቱ ወጣ! እኔ ይህን ስናገር «ሴት ጠል» ተብዬ ስሰደብ ኖሬያለሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 በተደረገ አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት ባሎችም ሚስቶችም የሚማቱት ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው የተገኘው። እኩል! ግን ዘመቻው፣ መጠለያው፣ ፖስተሩ ሁሉ ለሴት ነው። ወንዱ የት ይሂድ?

---

ነገር በልክ

@ታዛቢ፣ የመጨረሻው ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከሱ በፊት ያለው ግን ግማሽ እውነት ነው።

የጠቀስከው ጥናት ድርጊት ነው የቆጠረው። ባለፈው ዓመት ገፍተሃል? ወርውረሃል? በጥፊ መተሃል? አንድ ጊዜ በንዴት የገፈተረችም፣ ሲመቷት ለመላቀቅ የገፈተረችም፣ ሌላውን በደረጃ ቁልቁል የገፈተረም ሁሉም «ገፍቷል» ተብሎ አንድ ይቆጠራል። ማን ፈራ፣ ማን ተሰበረ፣ ማን ጀመረ የሚለው በዚያ ሚዛን ላይ አይወጣም። ሆስፒታልና መጠለያ ውስጥ የሚቆጥሩት ሰዎች ደግሞ ተቃራኒውን ያያሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ተጨቃጨቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ማይክል ጆንሰን የሚባል የሶሲዮሎጂ ባለሙያ «የምታወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም» አላቸው። አንደኛው ጭቅጭቅ ግሎ ወደ መማታት የሚያልፍበት ነው፤ እዚያ ውስጥ ሴትም ወንድም አለ። ሌላው አንዱ ሰው ሌላውን ጠቅልሎ የሚገዛበት ሥርዓት ነው፤ ገንዘቡን፣ ስልኩን፣ ዘመዱን፣ እንቅልፉን። በዚህኛው ውስጥ ወንዶች አጥቂ ሆነው በእጅጉ ያመዝናሉ። «በእጅጉ» ማለት ግን «ሁሉም» ማለት አይደለም።

ሞቱን ካነሣን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ስሌት ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በፍቅር ጓደኛቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል ተገድለዋል። በቀን ወደ 140 ነው። ሆን ተብሎ ከሚገደለው ሰው አብዛኛው ወንድ ነው፤ ግን ወንዱን ገዳይ የሚያገኘው በአመዛኙ ውጭ ነው። ከተገደሉ ሴቶች 60 በመቶ ያህሉ በፍቅር ጓደኛ ወይም በቤተሰብ እጅ ሲሞቱ፣ ከተገደሉ ወንዶች ግን 12 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «እኩል» አትበል። የታላቅየውን ወንድም ለማመን «እኩል» ማለት አያስፈልግም።

---

ታዛቢ

12 በመቶም ሰው ነው።

---

ነገር በልክ

ነው። እዚህ ላይ አልጣላህም።

---

እናት ነኝ ለሁለት

ሁላችሁም ስለ «ተጠቂ» ስታወሩ አንድ ዓይነት ሴት ናት የምትታየኝ፤ ቀጭን፣ ዝም ያለች፣ ጥግ ይዛ የምታለቅስ። እኔ እንደዚያች አይደለሁም። ድምፄ ትልቅ ነው። ከተናደድኩ ሰፈር ይሰማል። ምላሴም አያርፍ።

ፖሊስ ቤታችን የመጣ ቀን እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። ግንባሩ ላይ በድስት ክዳን የመታሁት ቦታ ተልጧል። እኔ በባዶ እግሬ በር ላይ ቆሜ እጮሃለሁ፤ ሰውነቴ ላይ ምንም አይታይም። አንደኛው ፖሊስ ለእሱ «አይዞህ ወንድሜ» አለው፣ ለእኔ ደግሞ «ተረጋጊ እንጂ ሴትዮ»። ሁለቱን አረፍተ ነገሮች እስከ ዛሬ በድምፃቸው እሰማቸዋለሁ።

ክዳኑን ያነሣሁት አንገቴን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጣብቆኝ እያለ ነው። እጄ ያገኘው እሱን ነው። ይህን ለማስረዳት ስሞክር ድምፄ ተዘግቶ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ከጩኸት ነው ብለው አሰቡ። እኔም ራሴ ከጩኸት ነው ብዬ ነበር።

እሱ ሰው ሁሉ የሚወደው ነው። የጎረቤት ዕቃ ይሸከማል፣ የታመመ ይጠይቃል። «እሱ? እንዴት ሆኖ!» የሚል ፊት ሰላሳ ጊዜ አይቻለሁ። የሰዎች አጥቂ ሰካራም፣ ያልተላጨ፣ ዓይኑ የቀላ ነው። የእኔው ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ የሚለብስ ነበር።

---

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ድምፅሽ የተዘጋው ከጩኸት ላይሆን ይችላል። የታነቀ ሰው ላይ ከምንፈልጋቸው ምልክቶች አንዱ እሱ ነው፤ መዋጥ ማቃት፣ ዓይን ነጭ ላይ የደም ነጠብጣብ፣ ለጥቂት ሰከንድ ራስን መሳትም አሉ። ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምንም የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ውስጥ 300 የማነቅ ጉዳዮች ሲፈተሹ ቢያንስ በግማሾቹ ላይ ፖሊስ በዓይን የሚታይ ጉዳት አላገኘም ነበር። በ2008 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከዚህ በፊት በጓደኛዋ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው ከሰባት እጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳይቷል።

ይህን የማነሣው ላስፈራራሽ አይደለም። ማንም የሚያነብ «አንቆኝ ነበር ግን ለቀቀኝ» ብሎ እንዳያልፈው ነው። የአንገት ደም ሥር ውስጡ ተሰንጥቆ ከቀናት በኋላ ስትሮክ ያመጣባቸው ሰዎች አሉ። ታንቃችሁ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ፤ «ማነቅ» የሚለውን ቃልም በግልጽ ንገሩን። «ተጣላን» ካላችሁን እኛ ሌላ ነገር ነው የምንፈልገው።

---

ነገረ ፈጅ

ከፖሊሱ ነገር ልነሣ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ግዛቶች «የቤት ጥቃት ጥሪ ከመጣ ፖሊስ ማሰር አለበት» የሚል ሕግ አወጡ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ውጤቱ ግን አንዳንድ ቦታ ሁለቱንም ጠፍሮ መውሰድ ሆነ፤ እሱ ተልጧል፣ እሷም ቀልታለች፣ ሁለቱም ይግቡ! ራሷን የተከላከለችው ተከሳሽ ሆነች። ለዚህ ነው በኋላ «ዋናውን አጥቂ ለይ» የሚል ድንጋጌ የተጨመረው። የማን ቁስል የመከላከል ይመስላል፣ ማን ማንን ይፈራል፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር የሚለውን መጠየቅ ማለት ነው። ፖሊስ ንክሻ ብቻ አይቶ መፍረድ የለበትም፤ ከኋላ የታነቀ ሰው ከአፉ በቀር የሚደርስለት ነገር ላይኖር ይችላል።

ሌላው ሕግ ለረጅም ጊዜ ዱላን ብቻ ነው ያየው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያለ አንድ ጥፊም ቢሆን ተደጋጋሚ የሆነ የማስገደድና የመቆጣጠር ባሕርይን ወንጀል አድርገዋል፤ ሕጉ ደግሞ ወንድም ሴትም አይልም። የገዛ ደሞዙን የማያዝ፣ ስልኩ በየሰዓቱ የሚፈተሽ ሰው «ግን አልመታኝም/አልመታችኝም» ሲል ከአሁን በኋላ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ፍርድ ቤት ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ረጋ ብሎ የሚናገር አጥቂ ይታመናል፤ እየተንቀጠቀጠች ቀን የምታምታታ ተጠቂ «ትዋሻለች» ትባላለች። የሚገርመው፣ ከተረጋጋችም «ተጠቂ አትመስልም» ይሏታል። ወንድ ሲያለቅስ ደግሞ መዝገብ ያዡ ራሱ አንገቱን ይሰብራል።

---

ጠያቂዋ

አንድ ነገር ሳትነኩ እንዳታልፉ። «ጥፋቷ ነው» ብለው የሚያስቡት ወንዶች ብቻ አይደሉም፣ እኛ ሴቶችም ነን። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በየአገሩ ሲካሄድ አምስት ጥያቄ አለ፦ ባል ሚስቱን ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ ወይ ግንኙነት እምቢ ብትለው መምታቱ ተገቢ ነው? በብዙ አገሮች «አዎ» የሚሉት ሴቶች ድርሻ ከወንዶቹ ይበልጣል። እናቶቻችን «ቻዪው» ያሉን ጠልተውን አይደለም። እነሱም የተባሉት ይህንኑ ነው።

በነገራችን ላይ ስለ ባል የተጠየቀ እንጂ «ሚስት ባሏን ብትመታ ተገቢ ነው?» የሚለው በአብዛኛው ጨርሶ አይጠየቅም። ለመጠየቅ እንኳን አልታሰበማ።

---

ስሜን ልተወው

ብዙ አመንትቼ ነው የምጽፈው። እኔ የመታሁ ነኝ።

መታሁ ስል ያኔ እንደዚያ አልልም ነበር። «ታናድደኛለች» ነበር የምለው። እውነቴን ነው፣ ራሴን የማየው እንደ ተጠቂ ነው። እሷ ናት የምትጮኸው፣ እሷ ናት ነገር የማትተው፣ እኔ የታገስኩ ሰው ነኝ፤ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ጓደኞቼም «ሴት ልጅ እኮ ታሳብዳለች» ይሉኛል። ማንም አልዋሸኝም፤ ሁሉም ያመነውን ነው የነገረኝ።

በፍርድ ቤት ትእዛዝ የገባሁበት ሥልጠና ላይ አንድ ሥዕል አሳዩን። ዱሉዝ በምትባል የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ የተደበደቡ ሴቶች የተናገሩትን ሰብስበው የሠሩት የጋሪ እግር የመሰለ ሥዕል ነው። መሃሉ ላይ «ኃይልና ቁጥጥር» ይላል፤ ስምንት ክፍል አለው፦ ማስፈራራት፣ ከሰው መነጠል፣ በልጆች መጠቀም፣ ገንዘብ መያዝ፣ አቃልሎ ማየትና በእሷ ማላከክ፣ ሌሎችም። ዱላው ከዳር ዞሮ የሚይዘው ቀለበት ላይ ነው የተጻፈው። «የምታውቁትን ምልክት አድርጉ» አሉን። ስድስቱን አደረግኩ።

ከዚያ አሰልጣኙ ጠየቀኝ፦ «የት ነው የምትመታት?» «ጀርባዋን» አልኩ። «ፊቷን ለምን አትመታም?» ዝም አልኩ። ፊት ይታያላ። ራሴን ስቼ ነው የምል ሰው ቦታ ስመርጥ ነበር ማለት ነው።

ተመለስኩ፣ ተለወጥኩ ብዬ ልጽፍ አይደለም። ትታኝ ሄዳለች፣ ልክ ነበረች።

---

እናት ነኝ ለሁለት

አነበብኩት። አላጨበጭብልህም። ስለ ፊት የጻፍከውን ግን ለልጆቼ አባት ባነበብኩለት ብዬ ተመኘሁ።

---

አወያይ

ሁለት አስተያየት ሰርዣለሁ። ስድብ ከሆነ ሌላ ክር ፈልጉ። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም አትጻፉ፤ የምትሸሹት ሰው እዚህ ሊያነብ ይችላል።

---

ታላቅየው

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኳችሁ።

ትናንት ወንድሜን ከሥራ ወሰድኩት። መኪና ውስጥ ነው ያወራነው፤ ፊት ለፊት አለመተያየቱ ጠቀመን መሰለኝ። @የሌሊት ተረኛ እንዳልሽው «ቤት ስትደርስ የምትፈራው ምንድን ነው?» አልኩት። ሁለት ትራፊክ መብራት እስክናልፍ ዝም አለ። ከዚያ «ቴሌቪዥኑን ነው» አለኝ። አልገባኝም። ከበሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ቴሌቪዥኑ ከተከፈተ ሰላም ነው። ጸጥ ካለ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። የደሞዙ ካርድ እሷ ጋ ነው። ንክሻው ያየነው ብቻ አይደለም።

እያወራን ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ። በአራተኛው «አንድ ፎቶ ላንሣህ» አለኝና እኔን ከነመሪው አንሥቶ ላከላት። ከእኔ ጋር መሆኑን ማስረጃ ነው። ሥራ ላይም እንዲሁ ያደርጋል። ሲያነሣኝ እጁ የለመደ ነው።

ስለ ሳቁ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ልነግርህ ነበር የመጣሁት» አለኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ልቤ ሄጄ ላናግራት ይላል።

---

የሌሊት ተረኛ

አታናግራት። አንተ ተናግረህ ትወጣለህ፣ ቤት የሚገባው እሱ ነው። «ዛሬውኑ ውጣ» ብለህም አትጫነው፤ ለወንድም ለሴትም የመለያየቱ ሰሞን ነገሩ ሊብስ የሚችልበት ጊዜ ነው፣ መውጫው ታስቦበት ይሁን። የመታወቂያውንና የወረቀቶቹን ቅጂ አንተ ጋ አስቀምጥለት። ቁስሉን ሐኪም አይቶ በቀኑ ይመዝግበው። አንተም እርስ በርስ ስትጻጻፉ ተጠንቀቅ፣ ስልኩ የእሱ ብቻ አይደለም።

---

ታዛቢ

ለወንድ የሚሆን መጠለያ በአካባቢህ ካላገኘህ አንተው ሁንለት። የቤትህን ቁልፍ ስጠው።

---

ታላቅየው

ዛሬ ጠዋት አስቀርጬ ሰጠሁት። ከሌሎቹ ቁልፎቹ ጋር አልከተተውም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና የውስጥ ሶሉን ገልጦ ከሥሩ አስቀመጠው።